ከሚሰጠው ይልቅ የሚወስድ ምግብ አለን?

በየመሥሪያ ቤቱና በየፋብሪካው የምሳ ሰዓት ሲደርስ፣ በየሰፈሩም ጀበና ሲጣድ፣ ሴቶች ከሚወያዩባቸው ጉዳዮች አንዱ የሰውነት ውፍረት ነው። አንዷ ከወሊድ በኋላ አልመለስ ስላላት ሆድ ታነሣለች። ሌላዋ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስለምትውል ቀሚሷ እየጠበበ መሄዱን ትናገራለች። በዚህን ጊዜ ከመካከላቸው አንዷ መድኃኒቱን ታመጣለች። «ኪያርና ሰላጣ ብቻ ብይ። እነርሱን ለመፍጨት ሰውነትሽ የሚያወጣው ኃይል ከእነርሱ ከሚያገኘው ይበልጣል። ስለዚህ በበላሽ ቁጥር ትከሻለሽ» ትላለች።

ወሬው ያስደስታል። እየበሉ መክሳትን የሚጠላ ማን አለ? ይሁን እንጂ የሚያስደስት ወሬ ሁሉ እውነት አይደለምና ነገሩን መመርመር ያስፈልጋል። በዛሬው ዓምዳችን ይህን ጥያቄ ልናነሣ የወደድነው ለመልክና ለቁመና ሲባል ብቻ አይደለም። ይህን ምክር ሰምተው ምሳቸውን በኪያር ከሚተኩት እኅቶች መካከል ሕፃን የሚያጠቡ፣ ማሽን ላይ ቆመው የሚውሉ፣ ገና በማደግ ላይ ያሉ ልጃገረዶችም ይገኙባቸዋልና ነው።

ካሎሪ የምንለው ምንድን ነው?

ምግብ ለሰውነታችን የሚሰጠው ኃይል የሚለካው በካሎሪ ነው። በተለምዶ አንድ ካሎሪ የምንለው፣ አንድ ሊትር ውሃ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ እንዲል የሚያስፈልገውን የሙቀት መጠን ነው። በሳይንስ መጻሕፍት ኪሎ ካሎሪ የሚባለውም ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ በአሜሪካ፣ በኮኔቲከት ክፍለ ግዛት፣ ዊልበር አትዋተር የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሰው ገብቶ የሚቀመጥበት ልዩ ክፍል አሠርቶ ነበር። በክፍሉ ውስጥ የሚቆየው ሰው የሚበላው ምግብ በሚዛን ይለካል፤ ከሰውነቱ የሚወጣው ሙቀትም ይመዘገባል። ከነዚህና ከሌሎች ብዙ ምርመራዎች በኋላ ዛሬም ድረስ የሚሠራባቸው ቁጥሮች ተገኙ። ይኸውም አንድ ግራም ስኳር ወይም ስታርች 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ያህል ይሰጣል ማለት ነው። እነዚህ ቁጥሮች ሳይፈጭ ከሰገራ ጋር የሚወጣውንና በሽንት የሚባክነውን ቀንሰው የተቀመጡ ናቸው።

የማስፈጫ ዋጋ

ወሬው ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት ግን አይቻልም። እህላችንን ወፍጮ ቤት ወስደን ስናስፈጭ የማስፈጫ ዋጋ እንደምንከፍል ሁሉ፣ ሰውነታችንም የበላነውን ለማኘክ፣ በጨጓራና በአንጀት ለመፍጨት፣ የተፈጨውንም በደም ወስዶ በጉበትና በጡንቻ ለማከማቸት ኃይል ያወጣል። ከምግብ በኋላ ሰውነታችን ትንሽ ሞቅ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋጋው እንደ ምግቡ ዓይነት ይለያያል። ከቅባት ከሚገኘው ኃይል ለመፍጨትና ለማከማቸት የሚወጣው ከ3 በመቶ አይበልጥም። ከስታርችና ከስኳር ከ5 እስከ 10 በመቶ ይወጣል። ከሁሉ ይልቅ ብዙ የሚያስወጣው ፕሮቲን ሲሆን፣ እርሱም ከ20 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ከሁሉም ዓይነት የተቀላቀለ ገበታ የሚበላ ሰው ከሚያገኘው ኃይል ለዚህ ሥራ የሚያውለው ወደ 10 በመቶ ያህል ነው።

እንግዲህ ልብ ይበሉ። ብዙ የሚያስወጣው ፕሮቲን እንኳ ከመቶው ቢያንስ ሰባውን ይተውልናል። ወፍጮ ቤት የወሰድነው እህል ከማስፈጫው ዋጋ የበለጠ ዋጋ ስላለው ነው ዱቄት ይዘን ወደ ቤታችን የምንመለሰው። ሰውነትም እንደዚሁ ነው።

ስለ ኪያሩ ሒሳቡን አብረን እናስላው

አንድ መቶ ግራም ኪያር 15 ካሎሪ ያህል አለው። ከመቶው 95 እጅ ውሃ ስለሆነ ነው እንዲህ ያነሰው። ይህን ለመፍጨት 10 በመቶ ይወጣል ብንል አንድ ካሎሪ ተኩል ይሆናል። ማኘኩንስ? እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የሜዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ማስቲካ የሚያኝኩ ሰዎችን መርምረው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ማኘክ የሚያስወጣው ተጨማሪ ኃይል 11 ካሎሪ ያህል መሆኑን አግኝተዋል። ስለዚህ ያችን አንድ ኪያር ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ብናኝካት እንኳ የሚወጣው 2 ካሎሪ ቢሆን ነው። ሁለቱ ተደምረው አራት አይሞሉም። ከዐሥራ አምስቱ ከዐሥር የሚበልጠው ለሰውነት ቀረ ማለት ነው። የመፍጨቱን ወጪ ሦስት እጥፍ ብናደርገው እንኳ ትርፉ ከሰውነት ጋር ይቀራል።

በውጭ አገር ይህ ወሬ ይበልጥ የሚነገረው ሴለሪ ስለሚባለው አትክልት ነው። ሴለሪ ግንዱ ረዘም ያለ፣ ጅማታም፣ እኛም አገር አንዳንዶች ሾርባ ውስጥ የሚጨምሩት ቅጠል ነው። በመቶ ግራም ያለው 15 ካሎሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ አሠሩም ብዙ ስለሆነ፣ «ከሚሰጠው ይልቅ ይወስዳል» ከተባሉት ምግቦች ዋናው እርሱ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነገሩን በሙከራ ለማየት ተነሡ። ቅጠልም ነፍሳትም የሚበላ የአውስትራሊያ እንሽላሊት መርጠው ጥሬ ሴለሪ አበሉት። ከሴለሪው ኃይል ሢሶ ያህሉ ለመፍጨት ወጣ፤ ከዚያም የሚበልጠው ሳይጠቅም ከሰውነት ተወገደ። ከሁሉ በኋላ ግን ሩብ ያህሉ ለእንሽላሊቱ ተረፈው። ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ትርፉ ትንሽ የሆነ ምግብ መኖሩን ነው። ዕዳ ውስጥ የሚጥል ምግብ ግን አልተገኘም።

ስለ ቀዝቃዛ ውሃና ስለ ሎሚም እንደዚሁ ብዙ ይባላል። ከማቀዝቀዣ የወጣ ግማሽ ሊትር ውሃ ሰውነት ውስጥ ገብቶ እስኪሞቅ ድረስ የሚወስደው ሙቀት 16 ካሎሪ ያህል ነው። ይህም በአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ውስጥ የሚገኘውን ያህል መሆኑ ነው። ሻያችንን በሦስት ማንኪያ ስኳር እየጠጣን ከቀዝቃዛ ውሃ መክሳትን ብንጠብቅ ሒሳቡ አይገጥምም። ጠዋት በባዶ ሆድ በሞቀ ውሃ የሚጠጣ ሎሚም ቫይታሚን ሲ ይሰጣል እንጂ በሆድ ላይ የተጋገረውን ስብ የሚያቀልጥበት ኃይል የለውም።

ታዲያ የሚከሱት እንዴት ነው?

«እኔ በኪያር ከስቼ አይቻለሁ» የምትል እኅት አትጠፋም። ልትከሳ ትችላለች፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ሁለት መቶ ግራም ዳቦ ትበላ የነበረች ሴት ከ500 ካሎሪ በላይ ታገኝ ነበር። በምትኩ ሁለት መቶ ግራም ኪያር ስትበላ 30 ካሎሪ ብቻ ታገኛለች። ያከሳት ያልበላችው ዳቦ ነው። ኪያሩ የዳቦውን ቦታ ከመያዝ በቀር የሠራው ሥራ የለም።

ይህን ካወቅን አትክልትን በትክክለኛ ቦታው ልንጠቀምበት እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ2004 በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከዋናው ምግብ በፊት ቀለል ያለና በዛ ያለ ሰላጣ እንዲበሉ የተደረጉት፣ ሰላጣው ራሱ ተቆጥሮ እንኳ፣ በምሳው በጠቅላላው የወሰዱት ኃይል በ12 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ሰላጣው ቅባት የበዛበትና ብዙ አይብ የተጨመረበት በሆነ ጊዜ ግን የወሰዱት ኃይል በመቀነስ ፈንታ ጨምሯል።

ይህ ነገር የእኛንም ማዕድ ይነካል። በጾም ወራት በብዙ ቤት የሚቀርበውን ሰላጣ እናስብ። ቅጠሉ፣ ቲማቲሙ፣ ቃሪያው፣ ሽንኩርቱና ሎሚው ተደማምረው ከ40 ወይም ከ50 ካሎሪ ብዙም አይበልጡም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ግን ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ሁለትና ሦስት ማንኪያ ስናፈስበት ያ «ቀላል ምግብ» ያልነው ሰላጣ ከደህና ምሳ ጋር ይተካከላል። ዘይት መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም፤ ለሰውነት የሚያስፈልግ ነው። በማንኪያ መለካት እንጂ ከጠርሙሱ ማንቆርቆር ግን ሒሳብ ያሳስታል።

ጉዳቱ የሚጀምረው የት ላይ ነው?

አንድ 55 ኪሎ ግራም የምትመዝን ወጣት እናት ምንም ሥራ ሳትሠራ ተኝታ ብትውል እንኳ ልቧ እንዲመታ፣ ሳንባዋ እንዲተነፍስ፣ ሰውነቷ እንዲሞቅ በቀን 1200 ካሎሪ ያህል ያስፈልጋታል። አንድ ሙሉ ኪሎ ኪያር የሚሰጣት 150 ካሎሪ ነው። ቤት ጠርጋ፣ ልጅ አዝላ፣ በታክሲ ተጋፍታ፣ ስምንት ሰዓት ሠርታ፣ ማታ ደግሞ ምድጃ ላይ የምትቆም ሴት የሚያስፈልጋት ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ሰውነት የጎደለውን ከስብ ብቻ አይወስድም፤ ጡንቻንም አፍርሶ ይበላል። ምግቡ እንዲህ ሆኖ ሲሰነብት ድካም፣ ራስ ማዞር፣ ቁጡነትና ደም ማነስ ይከተላሉ። በማሽንና በእሳት አጠገብ ለምትሠራ ሴት ራስ ማዞር ቀላል ነገር አይደለም።

በሥነ ምግብ ትምህርት ምግብ በሦስት ይከፈላል፤ ኃይልና ሙቀት ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ እየተባለ። ኪያርና ሰላጣ ከሦስተኛው ወገን ናቸው። ሁለቱን ወገን አባሮ ሦስተኛውን ብቻ ማስቀረት፣ ከሦስት ጉልቻ በአንዱ ብቻ ድስት ለመጣድ እንደ መሞከር ነው።

ሕፃን ለሚያጠቡ እናቶች ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ልጇን በጡት ብቻ የምትመግብ እናት ለወተቷ የምታወጣው ኃይል በቀን 600 ካሎሪን ያልፋል። ከዚህም ውስጥ ደህና ተመግባ የነበረች እናት ሰውነቷ በእርግዝና ጊዜ ካከማቸው ስብ 170 ካሎሪ ያህሉን ይሸፍንላታል። የቀረው 500 ካሎሪ ከምግብ መጨመር አለበት። እንግዲህ በእውነት ከሰውነት ኃይል የሚወስድ ነገር ከተፈለገ ጡት ማጥባት ራሱ ነው። ከወሊድ በኋላ የቀረው ውፍረት በማጥባትና ቀስ በቀስ በመንቀሳቀስ እንዲወርድ መተው ይሻላል። ሕፃን ታቅፋ ምሳዋን በኪያር የምትተካ እናት መጀመሪያ የምትጎዳው ራሷን ነው። ወተቷ ቢቀጥል እንኳ የሚቀጥለው ከራሷ አካል እየተወሰደ ነው።

ሴት ልጆቻችንም እናቶቻቸውን እንደሚመለከቱ አንርሳ። በዐሥራ ሦስትና በዐሥራ አምስት ዓመት ያለች ልጅ አጥንቷ እየረዘመ፣ የወር አበባዋም እየጀመረ ስለሆነ ገንቢ ምግብና የብረት ማዕድን አብዝታ ትሻለች። እናት በማዕድ ላይ «ዛሬ አልበላም፤ ወፍሬአለሁ» ባለች ቁጥር ልጅቱ ትምህርት ትወስዳለች።

ለአዋቂ የቀለለው ለሕፃን ሲቀርብ

ይኸው ሒሳብ በሕፃናት በኩል ሲታይ ተገላቢጦሽ ይሆናል። ውሃው የበዛ ምግብ ለወፈረ አዋቂ ይጠቅመው ይሆናል፤ ሕፃንን ግን ያስርበዋል። ስምንት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሩብ ሊትር ያህል ብቻ ነው። ያችን ትንሽ ሆድ በቀጠነ አጥሚት ከሞላናት ሕፃኑ የጠገበ ይመስላል፤ ማልቀሱንም ያቆማል፤ ኃይል ግን አላገኘም። ክብደቱ ወር በወር ሳይጨምር ሲቀር እናት «ይበላል፤ ግን አይፋፋም» እያለች ትጨነቃለች።

ጡት እየጠባ ያለ ሕፃን ከስድስት ወር እስከ ስምንት ወር ዕድሜው ከተጨማሪ ምግብ በቀን 200 ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል። ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አንድ ወር 300፣ ከአንድ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ደግሞ 550 ያህል ይሆናል። ይህን በትንሽ ሆድ ለማድረስ ገንፎው ከማንኪያ ላይ የማይፈስ ወፈር ያለ መሆን ይገባዋል። በውስጡም ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ፣ የተፈጨ ጥራጥሬ፣ ሲገኝም እንቁላልና ወተት ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተዘጋጀው፣ እናቶች ሁሉ የሚያውቁት ፋፋ፣ እህልን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር አቀላቅሎ የተሠራው ይህንኑ በማሰብ ነው። በቤታችን ያለውን ጤፍ፣ ገብስ፣ ሽምብራና ባቄላ አመጣጥነን ይህንኑ ለመሥራት የሚያግደን የለም።

ምን ይደረግ?

ክብደቷን መቀነስ የሚያስፈልጋት እናት ተስፋ መቁረጥ የለባትም። ከነገ ጀምሮ ልትሠራባቸው የሚቻሉ ነገሮች አሉ።

በመጀመሪያ፣ ሰላጣና ጎመን፣ ኪያርና ቲማቲም ከምግቡ በፊትና ከምግቡ ጋር በርከት ብለው ይቅረቡ፤ በንጹሕ ውሃ በደንብ መታጠባቸው ግን አይዘንጋ። ዘይቱ በማንኪያ ይለካ። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ ወይም እንቁላል ግን ከማዕዱ አይጥፋ፤ እነርሱ ሰውነትን የሚገነቡ ከመሆናቸውም በላይ ቶሎ አያስርቡም። መቀነስ ያለበት የእንጀራውና የዳቦው ብዛት፣ በሻይና በቡና የሚገባው ስኳር፣ በጠርሙስ የሚመጣው ለስላሳና በየመንገዱ የሚገዛው ብስኩት ነው። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ በቀን አራት ጊዜ የምትጠጣ ሴት ከስኳሩ ብቻ 190 ካሎሪ ያህል ታገኛለች። ይህን በግማሽ መቀነስ ዐሥር ኪያር ከማኘክ ይበልጥ ይጠቅማታል።

ሁለተኛ፣ እግር ይሥራ። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት አንድ ሰዓት በመጠነኛ ፍጥነት ብትራመድ 200 ካሎሪ ገደማ ታወጣለች። አንድ ሰዓት ማኘክ 11 ካሎሪ እንደሚያስወጣ አስቀድመን አይተናል። ከሥራ ስትመለስ ከታክሲ አንድ ሁለት ፌርማታ ቀድማ የምትወርድ እናት ገንዘብም ታተርፋለች።

ሦስተኛ፣ ችኮላ አይኑር። በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ የሚቀንስ ሰው በደህና መንገድ ላይ ነው። እርጉዝ የሆነች፣ የምታጠባ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት በሽታ ያለባት ሴት ግን ምግቧን ከመቀነሷ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ባለሙያ ታማክር።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» እንደሚባለው፣ ሆድን በኪያር ሸንግለን ብንውል እርሱ እውነቱን ያውቀዋል፤ ማታ ቤት ስንገባ የቀኑን ሁሉ እጥፍ አድርጎ ይጠይቀናል። ስለዚህ ነገ በምሳ ሰዓት ያ ምክር እንደገና ሲነሣ፣ በተለይም ከመካከላችሁ የምታጠባ እኅት ካለች፣ የኪያሩን ሒሳብ ይንገሯት። ሰላጣውን ከእንጀራዋና ከሽሮዋ ጋር አድርጋ ትብላው።